የሌላ ሰው ቆርቆሮ

በእኛ ልጅነት፣ በሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው አብርሃ ጅራ ውስጥ፣ የጓሮ ዕቃ ቤት በገንዘብ አይሠራም ነበር። ገንዘብ ለበሬ፣ ለዘር፣ ለወባ መድኃኒት፣ ከተረፈም ለሠርግ ነው። ዋናው ቤት በሰንበሌጥ ተከድኖ፣ በጭቃ ተመርጎ ወግ ባለው መንገድ ይቆማል። ከጀርባው ያለችው ጎጆ ግን ከየትም በተለቃቀመ ነገር ትሠራለች። ማጭዱ፣ ባዶው ኬሻ፣ የናፍጣው ጀሪካን፣ ለዘር የተመረጠው ሰሊጥ፣ አንዳንዴም ገና የወለደች ፍየል የሚያድሩት እዚያ ነው። ማንም አያፍርባትም። እንዲያውም እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓሮ ዞሮ እሷን አይቶ፣ «ይህችን ከየት አገኛችኋት?» ብሎ ካልጠየቀ ቡናው የተጠጣ አይመስልም።

አገሩም ለዚህ ይመች ነበር። ድንበር ላይ ያለ ቆላ ሁልጊዜ መተላለፊያ ነው፤ የሚያልፍ ሰው ደግሞ መሸከም ያቃተውን ጥሎ ይሄዳል። በ1881 ዓ.ም. መጋቢት ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ወደቁ። በ1969 ዓ.ም. ደርግን የሚወጋው ኢዲዩ መተማንና ሁመራን ያዘ፤ ደርግ መልሶ አስለቀቀው። በ1977ቱ ረኃብ ሕዝቡ በዚሁ በኩል ወደ ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ። በ1983 የደርግ ጦር ተበተነ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ ስደተኛው ከሱዳን መጠለያዎች እየተመለሰ መጣ። ሁሉም አንዳች ነገር ጥሎ አለፈ። እኛ ልጆቹ ይህን ታሪክ በመጽሐፍ ከማግኘታችን በፊት የምናውቀው በቁርጥራጩ ነበር፤ የትኛው ብረት ከየትኛው ሽሽት እንደቀረ አዋቂዎቹ ሲያወሩ እንሰማለን።

የእኛን ጎጆ ያቆማት አጎቴ ነው። አያ እንለው ነበር፤ ጎረቤቱም እንደዚያው። ጉልምስናውን ገዳሪፍ አካባቢ በትራክተር በሚታረሱት ሰፋፊ የማሽላ እርሻዎች ላይ አሳልፎ ከተመላሾቹ ጋር የመጣ ሰው ነው። ይዞት የመጣው ንብረት አንዲት ጉጠት፣ ጥቂት መሮ፣ እጀታው በካላማዳሪያ የተጠቀለለ መዶሻና ዐረብኛ ነበር። ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ይቀመጣል። የተሰበሰበውን ሁሉ መሬት ላይ ያስዘረጋና በርጩማ ላይ ሆኖ ዝም ብሎ ያየዋል። ሜትር ይዞ የሚነሣ አናጺ ቤቱን ቀድሞ ያስባል፣ ዕቃውን ከዚያ ይገዛል። የአያ ግን የተገላቢጦሽ ነው፦ የበርሜሉ ላሜራ ርዝመት የጣሪያውን ስፋት ይወስናል፣ ጣሪያው ግድግዳውን፣ በሩ ደግሞ የሁሉንም ቁመት። በሩ አጭር ከሆነ ቤቱም አጭር ይሆናል፤ ሰውም ጎንበስ ብሎ ይገባል።

ግድግዳዋ የዘይት ጣሳ ነበር። አሜሪካኖች በእርዳታ ይልኩት የነበረው፣ አራት ሊትር የሚይዘው ጣሳ። ሁለት እጆች ተጨባብጠው ታትመውበታል፤ እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ የሚያስጠነቅቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍም አለበት። በየገበያው ግን ይሸጥም ይለወጥም ነበር። ባዶው ጣሳ ራሱ ዋጋ ነበረው፤ ውሃ ይቀዳበታል፣ ማሽላ ይሰፈርበታል፣ በርበሬ ይቀመጥበታል። ወደ አያ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ ጡረታ ሲወጣ ነው። አያ ላይና ታቹን በመሮ ቆርጦ ያወጣል፣ በተበየደበት መስመር ይሰነጥቀዋል፤ እኛ ደግሞ ግንድ ላይ አጋድመን በእንጨት መዶሻ እየቀጠቀጥን እንዘረጋዋለን። በብረት መዶሻ መምታት ክልክል ነው። ቀለሙን ያስለቅቀዋል፤ ቀለም የለቀቀ ጣሳ ደግሞ አንድ ክረምት ሳይጨርስ ይዝጋል። የታተመው ፊት ወደ ውጭ የሚዞረው ለዚሁ ነበር እንጂ ለጌጥ አልነበረም። ከታች ተጀምሮ፣ የላይኛው የታችኛውን ጫፍ እየሸፈነ፣ ዝናቡ ሳይገባ ተንሸራቶ እንዲወርድ ሆኖ ማገሩ ላይ ይመታል። ሥራው ሲያልቅ የጓሯችን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የሚጨባበጡ እጆች ሆነ። አንዳንዶቹ ተዘቅዝቀዋል፣ አንዳንዶቹ መዳፋቸው ላይ ሚስማር ገብቶባቸዋል። ታናሽ እኅቴ፣ «እነዚህ ሰዎች ሰላምታቸውን መቼ ነው የሚጨርሱት?» ትል ነበር።

ጣሪያው የሬንጅ በርሜል ነው። መንገድ ሠሪዎች ሬንጁን ገልብጠው የሚጥሉትን በርሜል፣ ጎንደር ደርሶ የሚመለስ ሾፌር ሲለመን ጭነቱ ላይ ጣል አድርጎ ያመጣዋል። በርሜል መዘርጋት እንደ ጣሳ የልጅ ሥራ አይደለም። የቤንዚን በርሜል ከሆነ አያ ውሃ ሳይሞላው መሮ አያስነካውም፤ በውስጡ የቀረ ትነት ብልጭታ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ ገዳሪፍ ላይ አይቷል፤ ስለዚያ ግን ብዙ አይናገርም። የሬንጁ ቅሪት ግን በእሳት ይለቀቃል። ጭሱ ሰፈሩን ያዳርስና የጎረቤት ሴቶች የተሰጣ ልብስ እያነሡ ይራገማሉ። ከዚያ ክዳንና ቂጡ ወጥቶ፣ ጎኑ ተሰንጥቆ፣ የተጠቀለለው ላሜራ መንገድ ላይ ይነጠፋል፤ ሰሊጥ ሊጭን የመጣ ኤንትሬ መኪና አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ ይሄድበታል። የሾፌሩ ክፍያ ቡና ነው። ሚስማሩ በገባበት ቀዳዳ ዝናብ እንዳያልፍ የሚሪንዳ ወይም የቢራ ቆርኪ ይደረጋል፤ ከቆርኪው ሥር ደግሞ ክብ ሆና የተቆረጠች የካላማዳሪያ ቁራጭ ትገባለች። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ከነላስቲኩ የሚሸጠው የቆርቆሮ ሚስማር ሐሳቡ ያው ነው፤ ልዩነቱ እኛ ቆርኪውን ለመልቀም ጠጅ ቤትና ቢራ ቤት ደጃፍ ላይ መዋላችን ነው፤ ለዚያም ተገርፈናል። ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ከላሜራው ያልለቀቀው ሬንጅ ቀልጦ ጠብ ጠብ ይላል። ከቤታችን ሰው ልብሱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላረፈበት አልነበረም።

በሯ የጥይት ሣጥን ናት። የደርግ ጦር ጥሎት ከሄደው፣ አረንጓዴ ቀለም ከተቀባውና የሩሲያ ፊደል ከታተመበት ሣጥን የተፈታ ሳንቃ። ሞስኮ ከሶማሊያው ጦርነት ጀምሮ ለደርግ ያጎረፈችው መሣሪያ በእንደዚህ ያለ ሣጥን ነበር የሚመጣው፤ ጥይቱ ካለቀ በኋላ ሣጥኑ በመላ አገሪቱ ወንበር፣ የዕቃ መደርደሪያ፣ የሕፃን አልጋ ሆኖ ኖሯል። እንጨቱ ነጭና ቀላል ነው፤ ከቆላችን የበቀለ አይደለም፤ ምስጥ ደግሞ የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው። ስለዚህ የተቃጠለ የሞተር ዘይት እስኪጠግብ ይቀባል። ማጠፊያው ከመኪና ጎማ ተቆርጦ የተሠራ ነበር፤ ሲከፈት አይጮህም፣ ዘይት አይጠይቅም። መሸጎሪያው የሽቦ ቀለበት ነው። ቁልፍ አልነበራትም። ጓጉንቸር የሚባል ነገር በሰፈሩ ውስጥ ያላቸው ነጋዴው ብቻ ነበሩ፤ ስለዚህም ይታሙ ነበር።

ስለ ድሮ ቁጥብነት ስናወራ የምንዘለው ነገር አለ። ቋሚዎቹ ተለቅመው አልመጡም፤ ተቆርጠው ነው የመጡት። በእኛ ቆላ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ምስጥን የሚቋቋም እንጨት ዞቢ ነው። ውስጡ ጥቁር፣ ሚስማር የማያስገባ፣ መጋዝ የሚያዶለዱም። ይኸው ዛፍ ታንዛኒያና ሞዛምቢክ ውስጥ ተቆርጦ ወደ አውሮፓ እየሄደ ክላርኔት ይሠራበታል፤ ለሙዚቃ መሣሪያ ከሚውለው እንጨት በዓለም ላይ ከውዶቹ አንዱ ነው። እኛ የፍየል ቤት ቋሚ አደረግነው። ማገሩም ሽመል ነበር፤ ከጎደቤ በኩል በአህያ እየተጫነ የሚመጣ። ጎደቤ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ያኔ ግን ለእኛ ዱር ብቻ ነበር፣ ዱር ደግሞ አያልቅም ብለን ነበር። በኋላ ሰሊጥ ዋጋ አወጣ፤ ባለሀብቱ በትራክተር ገባ፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከደጋ የመጡ ሰፋሪዎች በመተማና በቋራ ቆላ ሰፈሩ፤ የእጣን ዛፉም፣ ዞቢውም፣ ጫርያውም ለማሳ ቦታ ለቀቀ። ጣሳ ስንቆጥብ እንጨት አልቆጠብንም። ጣሳ ብርቅ ነበር፣ እንጨት ሞልቷል። ሰው የሚቆጥበው ብርቁን ነው።

ጎጆዋም ቢሆን ዛሬ በትዝታ እንደምትታየው አልነበረችም። ቀን ውስጧ መቆም አይቻልም፤ ጣሳውና ላሜራው እኩል ይግላሉ። በጣሳዎቹ መደራረቢያ ጊንጥ ይገባል። ሰሊጥ ሊያጭዱ ከደጋ የሚመጡት ሳሉጎች ቦታ ሲያጡ እዚያው ያድሩ ነበር፤ ወለሉ ጥቁር መረሬ ነው፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ካላዛር የምታስተላልፈው ትንሿ የአሸዋ ዝንብ ደግሞ የምትኖረው እንዲህ ያለ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ያኔ ይህን የሚነግረን አልነበረም። በኋላ ድንበር የለሽ ሐኪሞች አብደራፊ ላይ ካላዛር ማከም ሲጀምሩ ነው፣ ሆዳቸው አብጦ ከስተው ወደ አገራቸው የተመለሱት ልጆች ምን ይዞአቸው እንደነበር ሰው የገባው።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን የአያ አጠያየቅ ነው። ወድቆ ያገኘውን ነገር ዝም ብሎ አያነሣም። የፈረሰ ቤት ካየ፣ የተጣለ ሳንቃ ካገኘ፣ ቀርቦ ያየውና ይተወዋል። ከዚያ ሰንበት ላይ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ ማኅበር ላይ፣ ገበያ ላይ፣ «ያ ከወንዙ ዳር ያለው ቤት የማን ነበር? ባለቤቱ በሕይወት አለ ወይ?» ይላል። ዘመድ ካለ ያስፈቅዳል፤ ዘመድ ከሌለ በሽማግሌ ፊት፣ «ወስጄዋለሁ፣ ባለቤቱ ከመጣ እኔ ዘንድ ነው» ብሎ ይናገራል። ይህ ሁሉ ለአንዲት ዝገት ለበላት ላሜራ! ከጎረቤቶቻችን አንዱ ሲያሾፉበት፣ «አያ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማህም?» አሉት። «ወርቅማ መች አገኘሁ፤ ቆርቆሮ ነው» አላቸው።

አንዴ እውነትም የአንዱ ዕቃ ባለቤት መጡ። ከጎጆዋ በስተምሥራቅ አንዲት የእንጨት መስኮት ነበረች፤ ከከተማው ዳር ፈርሶ ከቀረ ቤት፣ ተጠይቆ ተጠይቆ ባለቤት ሲጠፋ የመጣች። ዕቃ ቤት መስኮት አያሻውም፤ አያ ግን ስላማረችው ገጠማት። ተመላሾች በብዛት ከሚገቡባቸው ዓመታት በአንዱ፣ አንዲት ሴትዮ ልጃቸውን አስከትለው የአንድ ሰው ቤት ሲጠይቁ ወደ እኛ ግቢ ዘለቁ። እናቴ ውሃ ልትሰጣቸው ስትገባ እርሳቸው ወደ ጓሮ ሄደው መስኮቷ ዘንድ ቆመዋል። አልነኳትም። ልጅቱን ብቻ፣ «ነይ፣ ይኸውልሽ» አሏት።

አያ ከተቀመጠበት ተነሣ። ማስረጃ ይጠይቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። «እኅቴ፣ በየት በኩል ነበር የሚከፍቷት?» አላቸው።

«በግራ። የታችኛው ማጠፊያዋ ግን አይታዘዝም፤ ከፍ አድርገው ካልገፏት ትነክሳለች።»

እውነት ነበር። ያን መስኮት ስንከፍት ሁላችንም ከፍ እናደርጋት ነበር፣ ለምን እንደሆነ ግን ማናችንም አናውቅም። አያ ጉጠቱን አመጣ። ያሰረበትን ሽቦ ፈታ፣ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ሳያጎብጥ ነቀለ፤ ሚስማሮቹንም አብሮ በጨርቅ ቋጥሮ ሰጣቸው። ሴትዮዋ ቤት አልነበራቸውም። መስኮት ብቻ ይዘው ነበር የወጡት። ከዓመት በኋላ ግን ከገበያው በላይ ቤት ቆመላቸው፤ መስኮቷም በግራ በኩል ተገጠመች። በእኛ ጎጆ ላይ የቀረው ቀዳዳ በኬሻ ተሸፍኖ ኖረ። አያ ሌላ መስኮት አልገጠመበትም፤ እናቴ ደጋግማ ብትነግረውም፣ «ይደርሳል» ይል ነበር።

አያ ካረፈ ብዙ ጊዜው ነው። ጎጆዋም የለችም፤ ቦታዋ ላይ የብሎኬት ቤት ቆሟል፣ የብረት በርና ትልቅ ጓጉንቸር ያለው። እኔ ጎንደር ነው የምኖረው፤ ስሄድ እንግዳ ነኝ፣ እንግዳ ደግሞ ሁሉን በፊት ከነበረው ጋር እያስተያየ ሰው ያሰለቻል። ሱቁ ሞልቷል። ቆርቆሮ በየቀለሙ፣ ሚስማር በየቁጥሩ፣ ማጠፊያ በጥንድ ታሽጎ። የተጣለ ብረት ደግሞ ከእንግዲህ የሰፈር ዕቃ አይደለም፤ ገዢ አለው። ልጆች በጋሪ እየዞሩ ይሰበስቡታል፣ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ በመኪና ተጭኖ ወደ መሐል አገር ይሄዳል፤ ከፊሉ ብረት ማቅለጫ ይገባል፣ ከፊሉ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ምድጃና ባልዲ ይሆናል። ምናለሽ ተራን አይቼዋለሁ፤ የእጅ ሥራቸው አያን ያስቀናው ነበር። ግን እዚያ ማንም ስለ አንዲት ላሜራ ታሪክ ሊነግርህ አይችልም፤ በኪሎ የመጣ ነገር ታሪክ የለውም። በአያ ዘመን አንድ ነገር ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የቀድሞው ሰው ስም አብሮት ይሄድ ነበር፦ ይህ የእገሌ በር፣ ይህ የእገሊት ጣሳ።

ወጣቶቹን ልወቅስ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ አዲስ ቆርቆሮ መግዛት የደፋር ሥራ ሆኗል። መንገዱም አንድ ቀን ክፍት፣ ሌላ ቀን ዝግ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ሳይወዱ ወደ አያ ሙያ እየተመለሱ ነው፤ አሮጌ ላሜራ ይገዛሉ፣ የመኪና ስፖንዳ ይገዛሉ፣ የተቀደደ ሸራ ይገዛሉ። ሁሉንም ይገዛሉ። ገንዘብ ከከፈሉ በኋላ ደግሞ የማን ነበር ብሎ መጠየቅ ምን ይሉታል?

እዚህ ላይ ነው የቅርቡ ጊዜ ታሪክ የሚቆረቁረኝ። በጓንግና በሰቲት መካከል፣ ሱዳኖች አል ፋሽጋ በሚሉት ለም መሬት ላይ፣ የእኛ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ያርሱ ነበር። ክርክሩ የቆየ ነው፤ በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና እንግሊዝ የተፈራረሙት ውል፣ ከዚያም ሜጀር ግዊን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን በአገሩ ላይ እየዞረ ያሰመረው መስመር እስከ ዛሬ ያነታርካል። እርሻው ግን ውል ሳይጠብቅ ይታረስ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ኅዳር፣ አገሩ ሁሉ በሰሜኑ ጦርነት ሲጠመድ፣ የሱዳን ጦር ገባ። ገበሬዎቹ ማሽላው ገና ቆሞ፣ የታጨደው ሰሊጥም ሂላ በምንለው የነዶ ክምር ላይ እንዳለ የእርሻ ካምፓቸውን ጥለው ወጡ። የወንድሜ ልጅ ከእነርሱ አንዱ ነው። ልብሱን ለብሶ፣ ስልኩን ይዞ፣ ሌሊት በእግሩ መጣ። የቀረው ካምፑ ነው፦ አዲስ ቆርቆሮ፣ በርሜል፣ ጄኔሬተር፣ ጆንያ ሙሉ እህል። በዚያው ወር ደግሞ ከትግራይ የሸሹ ሰዎች ወደ ሱዳን ሲሻገሩ ኡም ራኩባ የሚባለው አሮጌ መጠለያ ዳግመኛ ተከፈተ፤ በ1977 የእኛ አገር ሰዎች፣ ቤተ እስራኤሎቹም ጭምር፣ የተጠለሉበትና ብዙዎቹ ያለቁበት ያው ቦታ።

የወንድሜ ልጅ ስለ ካምፑ ሲያወራ እህሉን አያነሣም፤ እህል ይበላል፣ ያልቃል። የሚያንገበግበው ቆርቆሮው ነው። «አሁን ማዶ የአንዱ ቤት ክዳን ሆኗል» ይላል። «ማን እንደሆነ ባውቅ ሄጄ አልወስደውም፤ ግን ማን እንደሆነ ባውቅ።»

ከዚያ ተራው ዞረ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ ሳምንት ሳይሞላ ሱዳናውያን መተማ ድንበር ላይ ተሰለፉ። ፎቅ ቤት የነበራቸው ሰዎች፣ ሐኪሞች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ሻንጣ እየጎተቱ። ኩመርና አውላላ ላይ መጠለያ ተተከለላቸው፤ አውላላ ዱር ነው፣ ዝርፊያና ግድያ ሲበዛባቸው መጠለያውን ለቀው መንገድ ዳር የሰፈሩም ነበሩ። እነዚያ መጠለያዎች በኋላ ተዘጉ። ከሰው በፊት ግን የመጠለያው ዕቃ ገበያ ገብቶ ነበር፤ ነጭ ሸራ፣ የላስቲክ ምንጣፍ፣ የውሃ ጀሪካን። ድንበሩን በመኪና ተሻግሮ የመጣው ሁሉ ደግሞ ሲቸግረው መኪናውን፣ ወንበሩን፣ የወርቅ ጌጡን ሸጠ። የሚጨባበጡት እጆች እንኳ ጊዜያቸው አልፏል፤ ጣሳዎቹን ይልክ የነበረው የአሜሪካ ድርጅት፣ ዩኤስኤይድ፣ በ2017 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ሥራውን አቁሟል። እኅቴ ይህን ስነግራት፣ «ጨረሱ ማለት ነው» አለች።

ባለፈው ስሄድ የወንድሜ ልጅ ዕቃ ቤት ሲያሠራ ደረስሁ። ፀረ አረምና የሚረጭበት መሣሪያ የሚቀመጥበት፣ ከአሮጌ ላሜራና ከስፖንዳ የተገጣጠመ፣ እውነቱን ለመናገር የሚያምር ሥራ ነው። ቋሚዎቹ ብረት ናቸው፤ ዞቢ ከየት ይመጣል። በሩ ሰማያዊ ነው፣ የሱዳን ቤት የአጥር በር፤ ዳርና ዳሩ በብረት አበባ የተጌጠ። ከላዩ በዐረብኛ የተጻፈ ነገር አለው። ፊደሉን አያ ልጅ ሳለሁ ከሰል ይዞ በጣሳዎቹ ላይ አስተምሮኛል።

«ጋሼ፣ ምን ይላል?» አለኝ።

«ማሻአላህ ይላል። ከሥሩ የሰው ስም አለ።»

«የማን?»

«የባለቤቱ ነዋ።»

ትንሽ ዝም አለ። «ገዝቼው እኮ ነው። መተማ ዮሐንስ፣ በኪሎ።»

«መች ሰረቅህ አልሁህ? በብሎን አስረው ነው የምልህ። ብሎን ይፈታል፤ የተበየደ አይፈታም።»

«በብሎን ያሰርሁትን ሌሊት ፈትተው ይወስዱታል። ዘመኑን አያውቁትም እንዴ? የእርስዎ አያ ቢኖሩም ዛሬ ያስበይዱት ነበር።»

አያ ያስበይደው ነበር ብዬ አላምንም። ስለ ሌባው ግን ልጁ እውነቱን ነው፤ ባለፈው ክረምት የውሃ ፓምፑን ወስደውበታል። በያጁ ጄኔሬተሩን አስነሥቶ፣ ኤሌክትሮዱን ቆንጥጦ፣ ክርክራችን እስኪያልቅ የሚጠብቅ ይመስል ቆሟል። የወንድሜ ልጅ በእጁ ምልክት ሰጠው። መነጽሩን አወረደና፣ «ዓይናችሁን ወዲያ አዙሩ» አለን።